የቅጠሉ ጀርባ

ወደ ዕፅዋት ማዕከሉ የመጣ ጎብኚ ሁሉ የሚሮጠው ወደ አበባው ነው። ከአበባው ጀርባ ባለው ቀዝቃዛ ሕንጻ ውስጥ ስንት ሺህ የደረቀ ተክል በብረት ቁም ሣጥን ተደርድሮ እንደተኛ ማን ልብ ብሎት! ከነሱ መካከል አርባ ሺህ የሚሆኑትን ወረቀት ላይ የለጠፈቻቸው አንዲት ሴት ናት። ባልደረቦቿ "እትዬ ኮላ" ይሏታል። ባሏም ጣቶቿን እያየ "አንድ ቀን እዚያው ተጣብቀሽ ትቀሪያለሽ" እያለ ያሾፍባታል። እሱስ ያሹፍ፤ በሥራዋ ግን ማንም አይመጣባትም።

ሥራው ሕግ አለው። አንድ ተክል ሲለጠፍ ቢያንስ አንዱ ቅጠል ተገልብጦ ጀርባው መታየት አለበት፤ ተመራማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ዝርያን ከዝርያ የሚለዩት በጀርባው ነውና። አዲስ የተቀጠረን ሁሉ ይህን ሕግ ጆሮው እስኪደነቁር የምትነዘንዘው እሷው ናት።

አንድ ጠዋት ወጣቷ ተመራማሪ አንድ አሮጌ ወረቀት ይዛ እየተንጨረጨረች ገባች።

"እትዬ፣ ይዩልኝ እስቲ! ሦስቱም ቅጠል ጀርባው ተደብቆ ተለጥፏል። ጀርባው ፀጉር ካለው እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገበው ዝርያ ነው፤ ከሌለው ተራ ተክል ነው። የበቀለበት ኮረብታ ደግሞ ለድንጋይ ተብሎ ተንዶ አልቋል። ከእርስዎ በፊት ይለጥፍ የነበረው የሟቹ ሽማግሌ ሥራ መሆን አለበት!"

እትዬ ኮላ ወረቀቱን ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ። ሟቹ ሥራውን ያስተማሯት ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕልማቸውም አይሠሩም። ያ ጠርዙ ላይ የተዝረከረከ ሙጫ የራሷ ነው። ሥራ የጀመረች ሰሞን ቅጠሉ እንዳይሰበርባት ፈርታ መገልበጡን ትታው ነበር። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ነው የቀራት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስንቶቻችን ዝም እንል ነበር?

"እሳቸውን አታንሺብኝ" አለች። "እኔ ነኝ የለጠፍኩት። እኔው አላቅቀዋለሁ።"

"ቅጠሉ ቢፈረካከስስ?"

"እሱን ፈርቼማ ነው ጉድ የሆንኩት።"

ቅጠሉን ከወረቀቱ ማንሳት የማይታሰብ ነው፤ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ከቅጠሉ ልታነሳ ተነሳች። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ገልብጣ አስተኛችውና የወረቀቱን ጀርባ በጥጥ እያራሰች፣ በምላጭ ስስ ስስ እያደረገች ትፍቀው ጀመር። ምሳ የሚባል ነገር ትዝ አላላትም። ላቧ እንዳይንጠባጠብበት ግንባሯን በክንዷ ትጠርጋለች፤ ተመራማሪዋ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ የወረቀት ክር ተነሳች። ቀሪውን ሙጫ ለብ ባለ ውኃ ቀስ አድርጋ አሟሟችው። ከሦስቱ ቅጠሎች አንዲት ጫፍ እንኳ አልጎደለችም።

ተመራማሪዋ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ይምጡ፣ እርስዎ ይዩት" ብላ ወንበሯን ለቀቀችላት።

እትዬ ኮላ በዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ በማይክሮስኮፕ አይታ አታውቅም፤ የተማሩ ሰዎች ነገር ነው ብላ ትታው ነው። አጎነበሰች። ወይ ጉድ! ወርቅማ ፀጉር ከዳር እስከ ዳር! የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ተሰነጣጥቆ እንደ ኮከብ ተዘርግቷል። ሺህ ይሁን አሥር ሺህ፣ ማን ይቆጥረዋል? ይህ ሁሉ ጥበብ ደግሞ ዝናብም ፀሐይም በማያየው፣ ወደ መሬት በዞረው ጎን! እጇን በአፏ ጫነች።

"ይሄን ነው እንዴ የሸፈንኩት?" አለች። "ሌላ ቦታስ አትኖርም?"

"የትም ፈልገን አጣናት፣ እትዬ። ያለችው ይቺው ናት።"

የመውጫ ሰዓት ደረሰ። ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ በኮሪደሩ መጣ። ተመራማሪዋ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

"እትዬ፣ ሊዘጉብን ነው እኮ። ነገ ያዩታል።"

"ቆይ፣ ልጄ" አለች ዓይኗን ሳትነቅል። "ገና አሁን ማየቴ ነው።"