ከኮምፒውተሩ ፊት የተሰለፉ ጀሪካኖች

ንፋስ ስልክ በሚገኝ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ስሠራ፣ ኮምፒውተር ማለት ለእኛ አንድ ሙሉ ክፍል ነበር። ማሽኑ ሙቀት አይወድም እየተባለ ማቀዝቀዣው አይጠፋም፤ በግንቦት ሙቀት እንኳ ጋቢ ደርበን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነው የምንገባው። ሦስት ሴቶች በየስክሪናችን ተቀምጠን የመጋዘኑን ገቢና ወጪ እንመዘግባለን። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ጣቴ ግን ቁጥሮቹን ለምዷቸዋል።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለትልቁ ማሽን መለዋወጫ ጠፋ። አንድ ኢንጂነር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ኮምፒውተር ይዞ መጣ።

"ትልቁ ይሠራበት የነበረው ፕሮግራም ምንም ሳይቀየር እዚህ ውስጥ ይሠራል" አለን።

ከሦስታችን አንዷ ጓደኛዬ፣ ኮምፒውተሩን ዞራ ከኋላው አየችና "ዝሆኑን ድመት ቆዳ ውስጥ እንዴት ከተታችሁት?" አለችው። ልማድ ሆኖብን ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን ነበር የቆምነው። ኢንጂነሩም እኛን አይቶ የራሱን አወለቀ።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። አዲሱ ማሽን ያለው አንድ ስክሪን ብቻ ነው።

"ከሦስታችሁ ዲፕሎማ ያላት ትቀመጥበታለች" አለ አለቃችን። "እናንተ ሁለታችሁ ከሰኞ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል።"

ማሸጊያ ክፍል ውስጥ የዱቄት ሳሙና ብናኝ እንደ ጉም ይበናል። ጓደኛዬ ደግሞ አስም አለባት።

"ጋሼ፣ እሷ እዚያ ገብታ መተንፈስ አትችልም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ወንበሩ አንድ ነው።"

"አንድ ከሆነ በተራ ነዋ!"

"ይሄ ቢሮ ነው፣ ሴትዮ! ቦኖ አይደለም" ብሎኝ ሄደ።

ቦኖን ማንሳቱ ጠቀመኝ። ያኔ ጎፋ ሰፈራችን ውሃ የምንቀዳው ከቦኖ ነበር። ጀሪካንሽን ካሰለፍሽ በኋላ ቤትሽ ገብተሽ ልብስ ብታጥቢም ተራሽን የሚነካ የለም። የሰው ጀሪካን የገፋ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም።

ሰኞ ማለዳ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ።

"እትዬ፣ ፋብሪካው ውሃ ጠፋበት እንዴ?" አለኝ ረዳቱ።

"ፍርድ ነው የጠፋበት!"

ከኮምፒውተሩ ፊት መጀመሪያ የራሴን፣ ቀጥሎ የጓደኛዬን ጀሪካን አሰለፍኩ። ዲፕሎማ ያላት ልጅ መጣች። ወንበሩ ላይ ቁጭ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጃንጥላዋን ከጀሪካኖቹ ኋላ አስደገፈች።

"እኔ ሦስተኛ ነኝ" አለች።

አለቃችን ሲገባ ፊቱ ቀላ። "ዘበኛ! ና ይሄን አንሣልኝ!"

ዘበኛው የሰፈሬ ሰው ነው፤ ከዚያው ቦኖ ይቀዳል። ጀሪካኖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ሌላ ሥራ ይዘዙኝ። የሰው ተራስ አልነካም።"

አዲሱን ማሽን ሊያስጀምር የመጣው ኢንጂነር ሳቁን መያዝ አቃተው። "እንዲያውም ይሄ ፕሮግራም ድሮም የተሠራው ብዙ ሰው እንዲጋራው ነው" አለ። "ፕሮግራሙ ውስጥ በየስማቸው መግቢያ እከፍትላቸዋለሁ። አንዷ ስትመዘግብ ሌሎቹ ወረቀቱን ያመሳክሩ።"

አለቃችን ጀሪካኖቹን ሲዞራቸው ቆየ። "እሺ። ግን ሥራው ቢዘገይ ሦስታችሁንም ማሸጊያ ነው የማገኛችሁ!"

ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ሄዳ ወንበሩን ሳበች።

"ወዴት ነው? የፊተኛው ጀሪካን የማን ነው?" አልኳት።

"አንቺ! ለእኔ ብለሽ አይደል እንዴ የተጣላሽው?"

"ለአንቺም ለተራም ነው" ብዬ ተቀመጥኩ።

ትንሹ ማሽን የትልቁን ሥራ ያውቃል እንጂ ጉልበቱ የለውም። አንድ መስመር ብሰጠው ዝም አለ። እኔም እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ።

"ጨረስሽ?" አለች ጓደኛዬ ከትከሻዬ በላይ እያየች።

"እኔማ ጨርሻለሁ። እሱ ነው ገና የሚያስበው።"