የምክር ቤቱ ሰዓት አቋሚ

የምክር ቤቱን የግድግዳ ሰዓት ለሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላ የኖረው እሱ ነው። ሁሉም «ጋሽ ሰዓት» ይሉታል፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ደሞዝ ከፋዩ እንኳ ረስቶታል። ሰኞ ሰኞ መሰላል ይወጣል፣ ሰዓቱን በቁልፍ ይሞላል፣ አቧራ ይጠርጋል። ሌላም ሥራ አለችው፤ የሚያፍርባት።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ በበጀቱ ረቂቅ ላይ ክርክር ሳይከፈት በመጨረሻው ቀን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከደወለ፣ ያለ ክርክር በቀጥታ እጅ ይወጣል። እጅ ማውጣት ደግሞ መዘዝ አለው፤ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ የተከበሩት እንደራሴዎች ብልሃት አበጁ። ማክሰኞ ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ሰዓትን አስጠርተው ፔንዱለሙን በክር አሳሰሩት። ሰዓቱ ካልደወለ ቀኑ አላለቀም። በዚያ አዳራሽ አራት ቀን ሙሉ ማክሰኞ ነው።

ረቂቁ ከቀረበ ጀምሮ ሁለት ሳምንት የሚጨቃጨቁት ስለ በጀቱ መስሏችሁ እንዳታዝኑላቸው። ማን ቀድሞ ይናገር ነው ጉዳዩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

እቤቱ ግን ቀኑ ይሄዳል። ባለቤቱ ኩላሊቷን የምትታጠበው በመንግሥት ሆስፒታል ነው። ሐሙስ ዕለት ነርሷ በር ላይ ጠብቃ፣ «አባባ፣ የቀረን የማጠቢያ ፈሳሽ ለነገ ብቻ ነው። በጀት ካልጸደቀ ግዢ የለም» አለችው።

የባለቤቱ እግር አብጦ ጫማዋ ጠቧታል፤ ቀልዷ ግን አልከሳም። «ያን ክርህን ለኔም ኩላሊት እሰርልኝ» አለችው፤ «እሱም ማክሰኞ ላይ ይቁምልኝ።» መሳቅ አቃተው። ያሰረው የገዛ እጁ ነበር።

ዓርብ ጉባኤው እንደተቀመጠ መሰላሉን አቆመ። መጥረጊያ ለያዘ ሰው ማን ዞሮ ያያል?

«ጋሽ ሰዓት፣ ምን እየሠሩ ነው?» አሉ አፈ ጉባኤው ዘግይተው።

«እየጠረግሁ ነው፣ የተከበሩ።»

«ክሩን ፈቱት እኮ።»

«አዎ። ቆሻሻው እሱ ነው።»

ከቀኝ ወንበር አንዱ ሊያስቆመው ተነሳ። ከግራ ሌላው፣ «ሥነ ሥርዓት! አንተን ማን አስቀደመህ? እኛ ነን የምናቆመው» ብሎ ኮቱን ያዘው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከልብ የተከራከሩበት ይኸው ብቻ ነው። ሲጓተቱ ሰዓቱ ደወለ።

አሥራ አራት ቀን የተፈራው እጅ ማውጣት ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በሽተኛ ላይ ፈረደ ተብሎ መጻፍ ማን ይፈልጋል? በጀቱ ጸደቀ። ከበጀቱ ጋር የጋሽ ሰዓት ስንብትም ተፈረመ፦ «ያለ ፈቃድ ሰዓት በማስኬድ»።

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና በቀጥታ ሆስፒታል ሄደ። ባለቤቱ ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

«ዛሬም ማክሰኞ ነው?» አለችው።

«ዓርብ ነው» አላት፣ ጫማዋን እያላላላት።