በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስለ ጾሙም ስለ ሐሜቱም አወራና እዚህ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል።

ካዛንቺስ ነው። አጎቴ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ዕቃ ሊገዛ ሱቅ ገባ። እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና አጠናለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ የትራፊክ ደንቡን ብቻዬን፣ አንቀጽ በአንቀጽ ነው የያዝኩት። ሙቀቱ ሲበዛብኝ ነፋስ ይግባልኝ ብዬ የግራውን በር በረገድኩት። ዞር ብዬ አላየሁም። በስፖኪዮ እንኳ አላየሁም።

ከኋላ በሳይክል ይመጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከበሩ ጋር ተላትመው ወደቁ። የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበሩ፤ የያዟቸው ፖስታዎች አስፋልቱ ላይ ተበተኑ። አጎቴ ገና ሳይመለስ ሰው ከበበን።

«አባባ፣ ሳይክሉን ለልጅ ልጅዎ አይተዉለትም?» አለ አንድ የታክሲ ረዳት። ተሳቀ።

«ምን ያስቃል? እጃቸው እኮ እያበጠ ነው! ትራፊክ ይጠራ» አለች አንዲት ሴት።

ትራፊክ ከመጣ ፈተናዬ ቀረ ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው፣ ጭኔ ላይ ያለውን የደንብ መጽሐፍ አዩ።

«ልጄ፣ አንተ ሕጉን ታውቃለህ መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው?»

አውቅ ነበር። የሚመጣውን ሳያይ በር የሚከፍት ጥፋተኛ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሳይክለኛም እንደ ባለመኪናው በመንገዱ የመሄድ መብት እንዳለው፣ እሳቸውም ደንቡ እንደሚለው ቀኛቸውን ይዘው ይሄዱ እንደነበር፣ ሰው ሲጎዳ ለፖሊስ ማሳወቅና ማሳከም ግዴታ እንደሆነ አውቅ ነበር። ታዲያ ምን አልኩ?

«አዎ አባባ። ሕጉ ከቆመ መኪና ራቅ ብለው ይሂዱ ነው የሚለው። ትራፊክ ቢመጣ የሚቀጣው እርስዎን ነው።»

እንዲህ የሚል አንቀጽ አላነበብኩም። እዚያው ተቀምጬ ፈጠርኩት። አመኑኝ። ትራፊክ እንዳይጠራ የለመኑት ራሳቸው ናቸው።

«ቄራ ወጌሻ አለ፣ ያሸኛል። አስደነገጥኩህ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

እኔም «ግድ የለም አባባ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩ። አልኩ! ሰዉ ደግሞ «ተባረክ፣ የጨዋ ልጅ!» ብሎ መረቀኝ። ምርቃቱንም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ፈተናውን አለፍኩ። በር ስለ መክፈት የመጣውንም ጥያቄ በትክክል መለስኩ።

ከወራት በኋላ ስታዲየም አካባቢ አየኋቸው። በእግራቸው ነበሩ። ፖስታዎቹን በግራ ብብታቸው ሸጉጠዋል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም። እኔ ያንን እጅ አይቼ መንገድ ተሻገርኩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ዛሬ ማን ብዬ እፈልጋቸዋለሁ?

ልጅ ነበርክ አትበሉኝ። ሕጉን ለማወቅ ልጅ ያልነበርኩ፣ ለመዋሸት እንዴት ልጅ እሆናለሁ? ይቅርታውንም ከእናንተ አልጠይቅም። የተሰበረው የእናንተ እጅ አይደለም።