እህቴ ዓመቱን የዘጋች ዕለት

ልጅ እያለሁ ጳጉሜን ከወር አልቆጥራትም ነበር። ክረምቱ ከመሄዱ በፊት በር ላይ ቆሞ የሚያመነታባት ጊዜ ትመስለኝ ነበር። በእነዚያ ቀኖች ጉሙ ከመካነ ሰላም ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ሳይነሣ ይውላል፤ ባሕር ዛፉ ዝናቡ ካባራ በኋላም ያንጠባጥባል፤ በመንገድ የሚመጣ ሰው ፊቱ ከመታየቱ በፊት ሳሉ ይሰማል። ከከተማው ዳርቻ ያለው መስክ ቢጫ መሆን የሚጀምረውም በዚያው ሰሞን ነው። አበባው ሲፈነዳ ያየ ልጅ ግን በመካከላችን አልነበረም፤ ማታ ስንተኛ አረንጓዴ የነበረው ጠዋት ቢጫ ሆኖ ይጠብቀን ነበር።

በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ዓመት የሚከፈተው በዕንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ቅዳሴው ሲያበቃ የኔታ ልሳነወርቅ ወደ ዐውደ ምሕረቱ ይወጣሉ። የኔታ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ፣ የዘመን ቆጠራውን በጣታቸው አንጓ እያሰሉ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ለሕዝቡ የሚያውጁ አረጋዊ መምህር ነበሩ። እርሳቸው አውጀው ሲጨርሱ የሕፃናቱ መምህር ወደ ፊት ትወጣና እያንዳንዱን ልጅ በክርስትና ስሙ ትጠራለች። የተጠራው «አለሁ» ብሎ ይነሣል፤ ጧፍ ይቀበላል፤ ጧፉን ያበራል። የመጨረሻው ጧፍ ሲበራ ዓመቱ ተከፈተ ይባላል። በሰፈር ውስጥ በክርስትና ስሜ የሚጠራኝ ሰው ስላልነበረ፣ «ገብረ መድኅን» ሲባል በውስጤ የማላውቀው ታላቅ ሰው ተነሥቶ የሚቆም ይመስለኝ ነበር።

የሕፃናቱ መምህር ታላቅ እህቴ ነበረች። ስሟ ስንታየሁ ነው፤ እኔ «እትዬ» ነው የምላት። ያንን ክፍል ያቋቋመችው እርሷ ናት። ከእርሷ በፊት ሕፃናቱ ቅዳሴ ላይ ከእናቶቻቸው ነጠላ ሥር አንቀላፍተው ከመመለስ በቀር የሚያገኙት ትምህርት አልነበረም። እህቴ ቤት ለቤት ዞራ ለመነቻቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ዕቃ ቤት ጠርጋ ሳር ጎዘጎዘችበት፤ መዝሙር አስጠናቻቸው። የእርጥብ ሳር፣ የሰምና የረጠበ ጋቢ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ዛሬም ያ ክፍል ነው የሚታየኝ።

በዚያ ክረምት ለረጅም ጊዜ ስትጠብቀው የነበረው የመምህርነት ሥራ ወጣላት። የተመደበችበት ትምህርት ቤት ከወረኢሉ ባሻገር ነበር። መንገዱን ዝናቡ ቆርጦት ስለነበር ሚኒባስ አይሞክረውም፤ የሚያልፈው የጋሼ ሰይድ አይሱዙ ብቻ ነው፤ እርሱም በሳምንት አንድ ጊዜ። እርሱ ካመለጣት አንድ ሳምንት ያልፋታል፤ በወቅቱ ካልደረሰች ደግሞ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እህቴ ግን ቀኑን አስልታ ደስ ብሏት ነበር። ዕንቁጣጣሽ እሑድ ነው፤ መኪናው የሚነሣው ሰኞ ነው። ዓመቱን ከፍታ፣ ልጆቿን ጠርታ፣ በማግስቱ ትሄዳለች። ክረምቱን ሙሉ መዝሙሩን ያስጠናችን ለዚያች ጠዋት ነበር።

እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር የጳጉሜን ቀኖች ከነሐሴ ግርጌ በትንንሹ ነበር የሚያሳየው፤ ያንን ጥግ ደግሞ የጣሪያው ጠብታ አርሶ አጥፍቶታል። ጳጉሜን አምስት ናት ብሎ መቁጠር ልማድ ነውና ማንም አልተጠራጠረም።

በሩፋኤል ዕለት ከሰማይ የሚወርደው ሁሉ ጠበል ነው። ልብሳችንን ጥለን በዝናቡ ውስጥ እየተሯሯጥን «ሩፋኤል አሳድገኝ» ስንል አረፈድን። ስንደርቅ እህቴ ወደ መዝሙር ጥናት ሰበሰበችን፤ የኔታም በበሩ ሲያልፉ ድምፃችንን ሰምተው ገቡ። ጥቂት አዳምጠው አመሰገኑን። ቀጥሎም እንደ ዋዛ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን፣ ስለዚህም ለጥናት አንድ ቀን እንደተጨመረልን ነገሩን። ልጆቹ ደስ አላቸው። እኔ ወደ እህቴ አየሁ። እጇ በከበሮው ላይ እንዳለ ቀረ። በዓሉ እሑድ ሳይሆን ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ እርሷ በመንገድ ላይ ናት።

በደጁ እስከ ዋርካው ድረስ ተከተለቻቸው፤ እኔም ተከተልኋት። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«የኔታ፣ እሑድም ቢሆን ሕዝቡ ለቅዳሴ መምጣቱ አይቀርም። በአንድ ቀን ብናስቀድመው ምን ይጎዳል?»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከዋርካው የሚወርደው ጠብታ ሻሻቸው ላይ ያርፍ ነበር።

«አንድ ቀን ነዋ የሚጎዳው፣ ልጄ። እኔ እኮ ያረጀሁት ይህችን አንድ ቀን ስጠብቅ ነው። ዛሬ ለአንቺ ብዬ ብገፋት ነገ ጾሙን የሚገፋ ይመጣል።»

እህቴ አልተከራከረችም። እጃቸውን ስማ ተመለሰች። ከቤት ስንደርስ እናታችን ገና ፊቷን አይታ ያልበሰለውን ሽሮ ከእሳቱ ላይ አወረደችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሰይድ የእህቴን ዕቃ ሊያይ መጣ። ከአባታችን ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነበር፤ አባታችን ካረፈ በኋላም የቤታችንን ጣሪያ የሚጠግነው እርሱ ነው። እናቴ መኪናው በአንድ ቀን ይዘገይ እንደሆነ ለመነችው። የጫነው እህል የሌላ ሰው መሆኑን፣ ገበያው እንደማይጠብቀው፣ ሰማዩም ዳግም ሊጠቁር መሆኑን በትሕትና አስረዳት። ነገሩ ከየት እንደመጣ ሲሰማ ግን ሳቁን መያዝ አልቻለም።

«እኛ ጨረቃዋን አንጋጠን ነው የምንፆመው፤ ደመና ቢጋርዳት ብንሳሳት አይፈረድብንም። እናንተ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምትቆጥሯት ቀን እንዴት ሆና ጠፋችባችሁ?»

እናቴ ከሩፋኤል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እርሱም ወደ እህቴ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብሽሪ እህቴ። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው የማልፈው፤ ቀስ ብዬ አልፋለሁ» አላት።

እሑድ ጠዋት ጳጉሜን ስድስት ነበር። ጉሙ ከወትሮው ይበልጥ ከብዶ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በአየር ላይ የተንጠለጠለ መስሎ ነበር። ያቺ ቀን ከሌሎች ቀኖች የተለየች ነበረች። አሮጌው ዓመት የጨረሳት፣ አዲሱ ያልጀመራት፣ ባለቤት የሌላት ቀን ትመስል ነበር። ሰው ሁሉ የሚናገረው በለሆሳስ ሆኖ ተሰማኝ። ከቅዳሴ በኋላ እኛ ሕፃናቱ እንደ ልማዳችን ወደ ዕቃ ቤቱ ገባን። እህቴ ልትሰናበተን ቆማ ሳለ በሩ ተከፈተና የኔታ ብቅ አሉ። በክንዳቸው ጧፍ ታቅፈዋል።

ሳሩ ላይ ተቀመጡ። ሌሊቱን ሲያሰላስሉ እንዳደሩ ነገሩን። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓመት ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ አይተው እንደማያውቁ፣ ይህም ነውር ሆኖ እንደታያቸው አከሉ። ከዚያም ጧፉን ለእህቴ አቀበሏት።

«መክፈት የነገ ነው፤ ያንን አልሰጥሽም። መዝጋት ግን የዛሬ ነው። ዝጊው።»

እህቴ ጧፉን አበራችልንና በክርስትና ስማችን እየጠራች አንድ በአንድ ወደ ፊት አወጣችን። ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመቱ ውስጥ ያየችበትን አንድ ነገር እየነገረችው የጧፉን ነበልባል በጣቶቿ ቆንጥጣ ታጠፋለች፤ ጧፉን ግን መልሳ ታስይዘዋለች። አንዷን ልጅ፣ ከሁሉም ቀድማ እንደምትመጣና ከሁሉም ቀድማ እንደምታንቀላፋ ስትነግራት ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ የኔታም ጢማቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጎንበስ አለች። ነጠላዋ ሰምና ዕጣን ይሸት ነበር።

«ገብረ መድኅን፣ ዘንድሮ ዝም ማለትን ተምረሃል። በሚመጣው ዓመት መናገርን ተማር» አለችኝ።

ነበልባሉ ጠፋ። ቀጭን ጢስ በሁለታችን መካከል ወደ ላይ ወጣ፤ ከጢሱ ማዶ ፊቷ እየራቀ የሚሄድ መሰለኝ። የመጨረሻው ጧፍ ሲጠፋ ክፍሉ በጉሙ ብርሃን ብቻ ቀረ። ማንም ለመነሣት አልቸኮለም። እህቴ አለቀሰች እንዳልል አላለቀሰችም፤ ዓይኖቿ ግን በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ሳሩን ሳይቀር፣ ይዘው ለመሄድ የሚጣደፉ ይመስሉ ነበር።

በዕንቁጣጣሽ ዕለት ሌሊት ጉሙ ተገፎ ነበር። እህቴ ገና ሳይነጋ ቅዳሴውን አስቀድሳ፣ በደጀ ሰላሙ ተሰናብታን ወደ መኪናው ሄደች። እኛ ወደ ዐውደ ምሕረቱ ተመለስን። የኔታ ዘመነ ዮሐንስን አወጁ፤ ጾሙን፣ ትንሣኤውን ነገሩ። ከዚያ በእህቴ ቦታ ራሳቸው ቆመው ስማችንን ይጠሩ ጀመር። ትናንት እህቴ ስትጠራን በልባቸው ይዘውት ኖሮ አንድም ስም አልሳቱም። በትናንቱ ጧፍ ላይ ነበልባሉ ዳግመኛ ሲነሣ «አለሁ» አልሁ፤ በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርሁባት የመጀመሪያዋ ጊዜ እርሷ ትመስለኛለች።

ሁላችንም ተጠርተን አበቃን ስንል የኔታ አንድ ጧፍ በእጃቸው አስቀሩ። በዚያው ቅጽበት ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ዳገት የጋሼ ሰይድ አይሱዙ ይወጣ ጀመር። እንዳለው ቀስ ብሎ ነበር የሚወጣው።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ የኔታ።

የእህቴ የክርስትና ስም ነው። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከሴቶቹ ወገን እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ስትወጣ አየኋት።

«አለች» አለች።

የኔታ ጧፉን ለእናቴ ሰጧት። እስኪያልቅ ድረስ ይዛው ቆመች፤ መኪናው ከዳገቱ ማዶ ከወረደ በኋላም እንደያዘችው ነበረች።

ያ ሥርዓት አልቀረም። የኔታ ካረፉ ቆይተዋል፤ ዕቃ ቤቱ ፈርሶ በምትኩ ሰፊ አዳራሽ ተሠርቷል፤ የበዓላቱን ቀንም ማንም ሰው በስልኩ ስለሚያገኘው ለአዋጁ ጆሮውን የሚያቆም ጥቂት ነው። ነገር ግን በአጥቢያችን በየዓመቱ የጳጉሜን መጨረሻ ዓመቱ ይዘጋል፤ በማግስቱም ያሉትም የሄዱትም ይጠራሉ። በልጅነቴ ከተጠሩት ስሞች መካከል ባለቤቱ ሄዶ ሌላ ሰው የተነሣለት አንድ ብቻ ነበር። ዛሬ በሌሉበት የሚጠሩት ይበዛሉ፤ ቆመው የሚመልሱት ግን በአብዛኛው እናቶች እንደሆኑ እሰማለሁ። ወጣቱ ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወዲያ ሄዷል። እህቴ በዚያው በወረኢሉ ማዶ አግብታ ወልዳ፣ በሄደችበት ሌላ የሕፃናት ክፍል አቋቁማ ታስተምራለች። እኔም የምኖረው በከተማ፣ ከመጻሕፍት ጋር ነው።

ባለፈው ዕንቁጣጣሽ ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ደወልሁላት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጋሼ ሰይድ ጉልበት ሕመም አወጋችኝ። ድምፄ የደከመ መስሏት ደክሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አለመድከሜን ነገርኋት። በመጨረሻ፣ እንደማያሳስብ ነገር አድርጋ፣ ሰም ጣቷን እንዳቃጠላት ነገረችኝ። ሁለት ጧፍ በአንድ እጅ ይዞ መቆም ለአሮጊት እንደሚከብድ፣ ነገር ግን ሁለቱም እስከ መጨረሻው እንደነደዱ ነገረችኝ።