በማርያም እግር ሥር የነበረው አባታችን

ኢጣሊያ የምትኖረው እህቴ ትናንት ፎቶ ላከችልኝ። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን፣ ግድግዳው ላይ ማርያም፣ ከእግሯ ሥር ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው ነጋዴ ተንበርክኮ። ማን እንደነበር የሚያውቅ የለም አሉ። ግን መብራት በርቶለታል፤ ሰው እንዳይነካውም ገመድ ተወጥሮለታል። «አባታችን ትዝ አለኝ» ብላለች። እኔን ቀድሞ ትዝ ያለኝ ግን ያ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ይኸው እስካሁን ደሜ ይፈላል።

አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ እሱ በሕይወት ሲወጣ ለስለቱ ወደ ውቅሮ መውጫ ባለው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማርያምን አሣለ። ሠዓሊውም እንደ ወጉ አባቴን ከእግሯ ሥር ተደፍቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን አፍጥጦ ሣለው። ፎቶ መነሳት ስለማይወድ፣ ሲሞት የቀረን መልኩ ያ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ እናቴ ጎንበስ ብላ ግንባሩን ትስማለች፤ እኔም ከኋላዋ። ግድግዳው ይቀዘቅዛል፤ ነጠላዋ ጧፍ ጧፍ ይሸታል።

ከዚያ ሰብሳቢው ኢጣሊያን አንዴ አይቶ መጣ። አንዴ! ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር ጠፋ። «ይሄ የልጅ ሥዕል ነው፤ እንሠልጥን እንጂ!» አለና፣ ካመጣው የወረቀት ሥዕል አስገልብጦ በአሮጌው ላይ አዲስ አሣለበት። አዲሲቷ ማርያም ወደ ልጇ ዞራ በጎን ትታያለች። በእኛ አሣሣል በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚታዩት ይሁዳና ሰይጣን መሆናቸው ከዚያ ሁሉ ከረባት ለባሽ የኮሚቴ አባል ላንዱም ትዝ አላለው። አሮጊቶቹ ጀርባቸውን ሰጧት።

«ወይለይ! ማርያምን እንደ ይሁዳ?» አለች እናቴ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ አባትሽንስ የት አደረጉብን?» አለችኝ።

ሰብሳቢው መቼ ተሳስቶ ያውቃል? አዲሲቷንም ጨምሮ ግድግዳውን በሙሉ ክሬም ቀለም አስቀባና «አሁን ጸዳ» አለ።

እናቴ መሳሟን አልተወችም። ቦታውን በልቧ ታውቀዋለች። ከዓመታት በኋላ ክሬሙ ላይ ከከንፈሯና ከግንባሯ ወዝ የተነሳ ጠቆር ያለ ምልክት ወጣ። እሷም ካለፈች በኋላ እኔ የምስመው ያንን ነበር። ሁለቱም እዚያ ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት የእህቴን ፎቶ እንደያዝኩ ሄድኩ። ገና ከበሩ የቀለም ሽታ አፈነኝ። ሰብሳቢው አርጅቷል፤ ኩራቱ ግን አላረጀም።

«እዚህ ጋ ቆሽሾ ነበር፣ ጓለይ፤ አስቀባነው» አለኝ፣ እንዳመሰግነው እየጠበቀ።

ጎንበስ ብዬ ቦታውን ሳምኩት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ቤቴ ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ከንፈሬን ግን እስካሁን አልጠረግኩም።