ሰላይዋ ትናገር ወይስ ዝም ትበል

ሁለት ጽንስ ወርዶብኝ ነበር። በሦስተኛው ሐኪሙ ከአልጋ እንዳልወርድ አዘዘኝና ጎባ ሆስፒታል ተኛሁ። የማስተምረው ሮቤ ነው፤ ወገኖቼ ያሉት ደሴ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ሁሉ መንገድ መምጣት አልቻለችም። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ ሲጨርስ በሚኒባስ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል፤ የሚለው ሲጠፋው ብርድ ልብሴን ያስተካክላል። የቀረውን ሰዓት ጣሪያ ሳይ እውላለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሲንቀሳቀስ እፈራለሁ፣ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። ሐሳቤን እንድረሳ ብሎ ከኢንተርኔት ያወረደው ድሮ በቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ድራማ ነበረበት። ጥቁርና ነጭ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረች አንዲት ሰላይ ነው የሚያወራው። ሴትየዋ የጠላት ጦር ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ትሠራለች፤ የሰማችውን በድብቅ ሬዲዮ ለወገኖቿ ታቀብላለች። ትንሽ ልጇን ገጠር ለምትኖር ባልቴት በአደራ ሰጥታለች።

ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ከደሎ መና የመጣች ወጣት ናት፣ ማርና ቡና ትነግዳለች። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕሬሽን ስለወለደች ቀድማ ገብታ እንድትጠብቅ ተነግሯታል። ሌላዋ ከገሰራ የመጡ፣ ብዙ የወለዱ እናት ናቸው፤ ደም ግፊታቸው ጨምሮ እግራቸው አብጧል። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም። ብቻዬን ማየቱ ደስ ስላላለኝ ላፕቶፑን ሁሉም እንዲያየው ወንበር ላይ አስቀመጥነው። እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ የደሎ መናዋ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ እየመለስን ማየት ጀመርን።

አስተያየት የማይሰጥ አልነበረም። ነርሷ መድኃኒት ልትሰጠን ስትገባ ቆም ብላ ታይና፣ ተኩስ የሌለው ደግሞ ምን ዓይነት የጦርነት ፊልም ነው ብላ ትወጣለች፤ ትንሽ ቆይታ የት ደረሳችሁ እያለች ትመለሳለች። የደሎ መናዋ በሰላይዋ ትስቅ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት እኛ ገበያ ብትመጣ፣ የማን ልጅ ናት፣ ከየት መጣች ተብላ ሳትውል ሳታድር ትያዛለች አለች። የገሰራዋ እናት የስለላው ነገር አልገባቸውም፤ ሊገባቸውም አልፈለጉም። የሚጠይቁት ስለ ልጁ ነበር። በልቷል ወይ፣ ባልቴቷ ደግ ናት ወይ፣ ሌሊት የሚያለብሰው አለ ወይ። ልጅ ያላትን ሴት እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ምን አስገባት ብለውም ተቆጡ።

ከዚያ ሰላይዋ ተያዘች። መርማሪው መኮንን የትንሽ ልጅ ሹራብ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ የጓደኞችሽን ስም ካልነገርሽኝ ልጅሽን አታገኚውም አላት። እዚህ ላይ መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑም ባትሪ አለቀ። እኛ ግን ክርክሩን አልተውነውም።

"ተናግራ ልጇን ትውሰድ" አለች የደሎ መናዋ። "አገር ሌላ ሰላይ አያጣም። ልጅ ግን ከየት ይመጣል?"

የገሰራዋ እናት፣ ብትናገርም አይሰጧትም፣ ሕፃን መያዣ የሚያደርግ ሰው ቃል የለውም አሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አስተማሪዋ ምን ትላለች ተባለ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት የገሰራዋ እናት ጽንሱ እንዳልተንቀሳቀሰ ለነርሷ ነገሯት። አልትራሳውንድ ወሰዷቸው። ሲመለሱ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጽንሱ መሞቱ ማንም ሳይነግረን ገባን። ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ተሰጥቷቸው እስኪሠራ መጠበቅ ነበረባቸው። ባላቸው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ እጄን ከሆዴ አላነሳሁም። ሞት ከአልጋ አልጋ የሚሻገር ነገር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ የገሰራዋ እናት ሻርፓቸውን ገለጥ አድርገው ተናገሩ። የደሎ መናዋ፣ የሰላይዋ ልጅ ምን እንደሆነ ማየት ይፈልጋሉ አለችኝ። እንቢ ማለት አልቻልኩም፤ ላፕቶፑን ከፈትኩት።

ሰላይዋ አልተናገረችም። ሹራቡም የሌላ ልጅ ነበር፤ ወታደሮቹ ልጇን ጨርሰው አላገኙትም። ጦርነቱ አልቆ ስትፈታ በእግሯ ወደ ገጠሩ ሄደች። ባልቴቷ ደጅ ላይ ተቀበለቻትና ወደ ጓሮ ወሰደቻት። እዚያ ትንሽ የአፈር ጉብታ አለ። ትኩሳት ነው የገደለው።

ለደሎ መናዋ ዝቅ ባለ ድምፅ "ሞቷል" አልኳት። ከዚያ ወደ ገሰራዋ እናት ዞራ "ጂራ" አለቻቸው። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ይህችን ግን አውቃታለሁ። አለ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው።

የገሰራዋ እናት ስክሪኑን አዩ። ሴትየዋ አፈሩ ላይ ተደፍታለች። ቀጥሎ የተባባሉትን የደሎ መናዋ በኋላ ነው የነገረችኝ።

"ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?" ብለው ጠየቋት።

"ልጇ ስለተገኘ ነው፤ በደስታ" አለቻቸው።

እሳቸው መቃብር የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ሴትየዋን ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" ብለው የደሎ መናዋን እጅ ያዙ። አጽናኟ እሳቸው ይመስሉ ነበር።

ሲመሽ ወለዱ። ወንድ ነበር። ባላቸው በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘውት ወጡ። እሳቸው ከሆስፒታል ሲወጡ ባበጠ እግራቸው እስከ አልጋዬ መጥተው ሆዴ ላይ እጃቸውን አሳርፈው መረቁኝ። እጃቸውን ቶሎ ባነሱልኝ እያልኩ፣ እየተሳቀቅሁ አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ፊልም አላየንም። የደሎ መናዋ በሰላም ወልዳ ሄደች። ልጄ ከጊዜዋ በጣም ቀድማ መጣች። አንድ እፍኝ ናት፣ ቆዳዋ ከሥጋዋ አልተጣበቀም፤ የምታለቅሰውም ድምፅ ሳይኖራት ነው። ደረቴ ላይ በጨርቅ አሰሯትና እንዲህ ይዘሻት ትሰነብቻለሽ አሉኝ። ትንፋሿ አንዳንዴ ቆም ይላል፤ እግሯን መታ መታ ሳደርጋት ይመለሳል። እናቴ ለየደብሩ ስለት እየተሳለች በስልክ ትነግረኛለች። እኔ መጸለይ አቃተኝ፤ አፌን ከከፈትኩ የሚሰማኝ መኖሯን አውቆ የሚወስዳት መሰለኝ።

ተረፈች። ሮቤ ይዘናት ገባን። ጎረቤቶች እንኳን ለዚህ አበቃሽ እያሉ ሲመጡ እኔ ገና የት በቃሁ እላለሁ በልቤ። የምትተኛበትን ሳላዘጋጅ፣ ስም ሳላወጣላት ሰነበትኩ።

አንድ ከሰዓት ልጅቷ ደረቴ ላይ ተኝታ ሳለ ባለቤቴ ድራማውን እስከ መጨረሻው አየሁት አለኝ። ሴትየዋ ትልቅ ሰው ናት፣ ያ ሁሉ ሲደርስባት ጓደኞቿን አልሸጠችም፣ ለዛሬ ሰው ትምህርት ነው አለ። እስኪጨርስ ሰማሁት።

"እኔ ብሆን እናገር ነበር" አልኩት። "የሁሉንም ስም። ያንተንም።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።

"አውቃለሁ" አለ።

ከዚያ ተነስቶ አጠገቤ መጣና፣ ትንፋሿን ለመስማት ጆሮውን ወደ ልጅቷ አስጠጋ።