ለሁለት ሰው የተሠራ ብስክሌት

ሥራ የገባሁት በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ካልጋሪ ውስጥ በረዶ ጀምሮ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በማይገኝበት ወቅት። የብስክሌት መጠገኛው ሱቅ ቤልትላይን በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ሬስቶራንት ሥር ያለ ቤዝመንት ነበር። ባለቤቷ ሊንዳ ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ አንድ የተጣመመ ቸርኬ ሰጠችኝና እጇን አጣምራ ቆመች። ራጂ የምንላቸውን ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱን እያጠበቅሁ ሌላውን እያላላሁ በሃያ ደቂቃ አቃናሁት። አሽከርክራ አየችውና “ፋይን” አለች።

ፋይን ማለት ጥሩ ይሁን መጥፎ አልገባኝም። አንድ ሳምንት ሙሉ መቼ ነው የምታባርረኝ እያልኩ ሰነበትኩ። ከሊንዳ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና እንደማይወጣ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። እዚያ ሱቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ።

የተወለድኩት አስመራ ነው። የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ ይህንንም በአማርኛ እጽፋለሁ። በወጣትነቴ የብስክሌት ውድድር እገባ ነበር። አንድም ቀን አላሸነፍኩም። ብስክሌቴ በየጊዜው ስለሚሰበር ግን ጥገናውን ለመድኩ፤ እንጀራዬም እሱ ሆነ።

ካልጋሪ ከመጣሁ በኋላ ለዓመታት ብስክሌት ላይ አልወጣሁም። ቤቴ ከከተማው ዳር፣ ሬድስቶን ስለሆነ ሥራ የምሄደው በአውቶቡስና በባቡር ነበር። ደንበኞች “አንተ ምን ዓይነት ብስክሌት ትነዳለህ?” ብለው ይጠይቁኛል። “አልነዳም” እላቸዋለሁ። ይህን ሲሰሙ ብስክሌታቸውን መልሰው ሊወስዱ የሚዳዳቸው ነበሩ።

በአራተኛው ዓመት ሊንዳ ቱር፣ የብስክሌት ጉዞ ማለት ነው፣ ጀመረች። ካልጋሪ ያለ ሰው ተራራ ሽቅብ መንዳት ይሰለቸዋል። ስለዚህ በየመስከረሙ አሥር ያህል እንግዶች ይዘን፣ ተራሮቹን በቫን አንድ ቀን ሙሉ አቋርጠን፣ ከቫንኩቨር በስተደቡብ ትልቁ ወንዝ ባሕር ወደሚገባበት አገር እንወርዳለን። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በአንድ ወገን ባሕሩና ረግረጉ፣ በሌላው ወገን እርሻው፣ መካከል ላይ ውሃው እንዳያልፍ የተሠራ ረጅም የአፈር ግድብ አለ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ግራና ቀኛቸው ቦይ ነው።

የቱር ሥራ ማዕረግ አለው። ሊደር ከፊት ይነዳል። ስዊፕ የሚባለው ከሁሉ ኋላ ሆኖ የደከመውን ይጠብቃል። መካኒክ ቫን ይነዳል። መካኒክ ከእንግዶች ጋር ብስክሌት ላይ አይወጣም። ምክንያቱን ሊንዳን ስጠይቃት “አንተም ከወደቅህ ማን ይጠግናል?” አለችኝ።

ጠዋት እንግዶቹ ቁርስ ሲበሉ እኔ ጎማ እነፋለሁ፣ ፍሬን እሞክራለሁ፣ ካቴናውን ጠርጌ ዘይት አደርጋለሁ። የመሪውን ብሎኖች ልካቸው ላይ ሲደርሱ ጠቅ በሚል ቁልፍ አጠብቃለሁ። ያለቀለትን ብስክሌት መሪ ላይ ቢጫ ፕላስተር እለጥፋለሁ። ፕላስተር የሌለው አይነዳም።

ማርጋሬት የሱቁ የድሮ ደንበኛ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የፒያኖ መምህርት፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከባለቤታቸው ጋር የሚነዱት ታንደም የሚባል ለሁለት ሰው የተሠራ ረጅም ብስክሌት ነበራቸው፤ በየዓመቱ ሰርቪስ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ታንደም ላይ ፊት የሚቀመጠው ካፒቴን ይባላል። መሪው፣ ፍሬኑ፣ ማርሹ የእሱ ነው። ኋላ የሚቀመጠው ስቶከር ይባላል፤ በድሮ መርከብ እሳቱ ላይ ከሰል የሚጨምረው ሠራተኛ ማለት ነው። ባለቤታቸው ካፒቴን ነበሩ።

ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ ማርጋሬት በታክሲ ሱቅ መጡ።

“ብስክሌቱን ለሰው ልሰጠው አስቤያለሁ” አሉኝ።

“ለማን?”

“ለሚፈልግ። ግን መጀመሪያ በመስከረሙ ጉዞ አንድ ጊዜ ልንዳው። እሱ ሳይኖር መንዳት ከቻልኩ አልሰጥም። ካልቻልኩ ከጉዞው መልስ እዚሁ ትቼው እሄዳለሁ።”

ለመስከረሙ ቱር ተመዘገቡ። ያኔ ሊደራችን ሜሮን ነበረች። አዲስ አበባ ተወልዳ በሰባት ዓመቷ ካልጋሪ የመጣች፣ ጠንካራ ልጅ ናት። የማርጋሬት ካፒቴን ልትሆን ተስማማች፤ ሁለቱ ሦስት ጊዜ ተለማመዱ። ጥሩ ሄደላቸው።

ባሕሩ ዳር በደረስን በመጀመሪያው ጠዋት ሜሮን የቫኑን በር በገዛ እጇ ላይ ዘጋችው። ሁለት ጣቶቿ አበጡ፤ ፍሬን መጨበጥ አቃታት።

“አይ ሚን፣ ቫኑን በአንድ እጅ እነዳዋለሁ፤ አውቶማቲክ ነው” አለችኝ። “ማርጋሬት ናቸው ፕሮብለሙ። ጋሼ ተስፋይ፣ እርስዎ ድሮ ሬስ ያደርጉ ነበር አይደል?”

“አደርግ ነበር።”

“እና ካፒቴን ይሁኑላቸዋ።”

ካልጋሪ ለቀረችው ሊንዳ ደወልኩ። “ሕጉን ታውቃለህ” አለች። “አውቃለሁ” አልኩ። “ማርጋሬትስ ምን አሉ?” አለችኝ። ዞሬ አየሁ። ማርጋሬት ብስክሌቱ አጠገብ ቆመዋል። “ሄልሜታቸውን አድርገዋል” አልኳት። ሊንዳ “ቀስ ብለህ ንዳ” አለች።

ስዊፑ ሌሎቹን ይዞ ቀደመ። እኛ ከኋላ ወጣን። ሜሮን በቫኑ ልትከተለን ዕቃ ትጭናለች። ማርጋሬት ጉልበታም ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያለከለክሁት። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን “ምን አለ?” ብለው ጠየቁኝ።

“ምንም የለም” አልኩ። እኔ ያደግሁት ገደል ባለበት አገር ነው። ሜዳ ሲሆን የሚታይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

“ምንም የሌለበት ቦታ የለም። ባለቤቴ ሁሉንም ይነግረኝ ነበር።”

“ድንች አለ።”

“በየት በኩል?”

“በግራ።”

“በቀኝስ?”

ተመለከትኩ። “ድንች” አልኩ።

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። እንግሊዝኛዬ ለሱቅ ይበቃል፤ የወፉን፣ የሣሩን፣ የእርሻ መሣሪያውን ስም ግን አላውቅም። ተሳስቼ ከማወራ ይልቅ ዝም ማለቱ ጨዋነት መሰለኝ። እሳቸውም መጠየቅ ተዉ። ከኋላዬ የሚሰማኝ ትንፋሻቸው ብቻ ነበር።

ድንች የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለነበር ትራክተሮች ከእርሻ ሲወጡ መንገዱ ላይ ጭቃ ይጥላሉ። ከአንድ መጋዘን ጀርባ ትራክተር ተጎታቹን ይዞ የኋሊት ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ። ቃል አልተነፈስኩም። የታንደም ፔዳሎች የተያያዙ ናቸው፤ እኔ ላቆም ስታገል ማርጋሬት በሙሉ ጉልበታቸው ይረግጣሉ። የኋላው ጎማ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። ተያይዘን ቦዩ ውስጥ ገባን።

ውሃው ጉልበቴ ድረስ ነበር። ማርጋሬት ስለተቀመጡ ለእሳቸው ደረታቸው ድረስ ነው።

“ተጎዱ?” አልኳቸው።

“ቆይ ልየው።” እጃቸውን፣ እግራቸውን አንቀሳቀሱ። “አልተጎዳሁም። አሁን ምን አለ?”

“ውሃ።”

“እሱን አገኘሁት” አሉ።

ገበሬው ከትራክተሩ ወርዶ እየሮጠ መጣና ለሁለት ጎትተን አወጣናቸው። ኮቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው። እኔ ቦዩ ዳር ተቀመጥኩ። ሰባ አንድ ዓመት የሆናቸውን ዓይነ ስውር ሴት ውሃ ውስጥ ከትቼ ነበር። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

“ለምን አልነገርከኝም?” አሉ ማርጋሬት።

“ጊዜ አልነበረም።”

“ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ነበረህ።”

“እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ እንዳልሳሳት ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት” አልኳቸው።

“ሰዋስው ማን ጠየቀህ?” አሉኝ። “ቁም የሚለውን ቃል ታውቀዋለህ። በራስህ ቋንቋም ብትጮህ እሰማሃለሁ።”

ሜሮን ቫኑን በአንድ እጅ እየነዳች ደረሰች። አየችን። “ጋሼ፣ ፕሊስ ሁለታችሁም ቫን ውስጥ ግቡ” አለች።

“ምን አለች?” አሉ ማርጋሬት።

“ቫን ውስጥ ግቡ ነው የምትለው።”

“አንተስ ምን ትላለህ?”

ብስክሌቱን ገልብጬ መረመርኩ። ቸርኬ የሚይዘው ፎርክ ደህና ነው። የፊት ቸርኬ ተጣሟል፤ ፍሬኑ ጭቃ በልቷል። “አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል” አልኩ። “ከዚያ ይሄዳል። ከእኔ ጋር መውጣት አለመውጣቱ ግን የእርስዎ ነው።”

“እጠብቃለሁ” አሉ።

ቫን ውስጥ ገብተው ደረቅ ልብስ ለበሱ። እኔ በረጠበ ልብሴ ቸርኬውን አቃናሁ፣ ፍሬኑን አጠብኩ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ፣ አዲስ ፕላስተር ለጠፍኩ። ማርጋሬት ወጡ፣ ፕላስተሩን በጣታቸው ዳሰው አገኙትና ኮርቻቸው ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ አፌ አልተዘጋም። “ጭቃ። ወደ ግራ እንታጠፋለን። ላቆም ነው። ቆምኩ።” ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። “ወፍ አለ። ግራጫ ነው፣ እግሩ ረጅም ነው፣ ቦዩ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፣ የተናደደ ይመስላል።” “ሄሮን ነው” አሉ። “ቀይ ቅጠል ያለው አጭር ቁጥቋጦ፣ በመስመር የተተከለ።” “ብሉቤሪ ነው” አሉ። እኔ እያየሁ፣ እሳቸው ስሙን እየነገሩኝ ግድቡ ላይ ወጣን።

ባሕሩ በየቀኑ እንደሚያደርገው ወደ ኋላ ሸሽቶ ስለነበር ጭቃው እስከ አድማስ ያብለጨልጫል። ትንንሽ ወፎች ከላዩ ተነሡ፤ ለቁጥር የሚያስቸግሩ ነበሩ። “ሁሉም ግራጫ ናቸው” አልኩ። “አሁን ባንድ ጊዜ ዞሩ። ነጭ ሆኑ። እንደገና ዞሩ። ጠፉ።”

“ድገምልኝ” አሉ። ደገምኩላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ስነግራቸው ከኋላ የሚረግጠው ጉልበት ላላ። ወደ ኋላ አልዞርኩም። እየነዳሁ ነበርና ዓይኔ መንገዱ ላይ መሆን ነበረበት። ጥቂት ቆይቶ ጉልበታቸው ተመለሰ።

ሆቴል ስንደርስ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ሜሮን የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ሰጠችኝ። “ምክንያት” በሚለው ሥር “ትራክተር” ብዬ ጻፍኩ። አሰብኩበት፣ ሰረዝኩትና “ካፒቴኑ አልተናገረም” ብዬ ጻፍኩ። ሊንዳ አነበበችው። በሚቀጥለው ዓመት ቱር ላይ ሌላ መካኒክ ላከች። ቅር ብሎኛል፤ ግን ትክክል ነበረች።

ማርጋሬት ብስክሌቱን ሱቅ ትተውት አልሄዱም። በረዶው ሲቀልጥ ለሰርቪስ አስመጡት። “ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ካልጋሪ ወንዝ ዳር መንዳት እፈልጋለሁ” አሉኝ። “የሚያወራ ካፒቴን ታውቃለህ?” ሜሮን ስትችል እሷ፣ ሳትችል እኔ፣ ስድስት በጋ ነዳን። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ብስክሌቱን ዓይኑ ለማያይ አንድ ጎልማሳ ሰጡት። ሚስቱን ካፒቴንነት እንዳለማምድ ጠየቁኝ።

ከጡረታዬ በፊት የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ ይኸው ነው። ሴትዮዋ ማርሹን እንዳሳያት ጠብቃ ነበር። እኔ የነገርኳት ሌላ ነው። ከኋላሽ ሰው ካለ መጀመሪያ ተናገሪ፣ ቀጥሎ ፍሬን ያዢ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።